ፍየሎቹ ቀበቶ አስረው ነበር

ለክቡር አቶ ዳሂር
የ«ቀዳሚ መንገድ» የሚኒባስ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር
ጅግጅጋ

ጥቅምት 2003 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ግመሎችዎና ሚኒባሶችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ሁላችሁም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ ስለ ዓይኖችዎ መጠየቅ እወዳለሁ፤ ግራውም ቀኙም በየጎድጓዳው ተቀምጦ፣ ሳያብጥ፣ መግል ሳይዝ፣ ብርሃኑም ሳይቀንስ እንዲያገለግልዎ ጠዋትና ማታ እጸልያለሁ። ጸሎቴ የልቤ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው እንዲያነብልዎ ሳይሆን ራስዎ በገዛ ዓይንዎ እንዲያነቡት እፈልጋለሁና።

ወርቅአገኘሁ እባላለሁ፤ ከገበያው ጀርባ ከባለቤቴ ከእናትአለም ጋር የልብስ ስፌት ሱቅ አለን። እውነቱን ለመናገር የምትሰፋው እሷ ናት፤ እኔ ጨርቅ እቆርጣለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። የበኩር ልጅዎ ለሠርጉ የለበሰው ሙሉ ልብስ የእሷ እጅ ሥራ መሆኑን ምናልባት ረስተውት ይሆናል፤ እሷ ግን አንደኛው ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ መሆኑንና ያንን ለመሸፈን ምን እንዳደረገች እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።

ጉዳዬን በግንባር ላቀርብልዎ ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላ በትሕትና ስትመልሰኝ፣ በተከፈተው መስኮት የስብሰባው ተሳታፊዎች ትራስ ተደግፈው ጫት ሲቀነጥሱ ስላየሁ፣ እንዲህ ያለ ከባድ የሥራ ጫና በእኔ ጩኸት ማቋረጥ ነውር መስሎ ታየኝ። ስለዚህ ደብዳቤዬን በመናኸሪያው ግድግዳና በሻይ ቤቶቹ በር ላይ ተለጥፎ ስላገኙት ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወደ ነገሩ እገባለሁ።

በጳጉሜን፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ እኔና እናትአለም የሰፋነውን የተማሪ ልብስ ሀርሺን አድርሰን ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ የተሳፈርነው በማኅበርዎ መኪና ነበር። ሌላ ምርጫ አልነበረንም፤ የሀርሺንንም ሆነ የሐረርን መስመር የያዘው የእርስዎ ማኅበር ነውና። በዚያ ጉዞ ባለቤቴ ግራ ዓይኗን አጣች። እርስዎ ለሰው ሁሉ እንደሚናገሩት የአላህ ሥራ ሆኖ ሳይሆን፣ በመኪናዎ ውስጥ ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታና አቀማመጡ የአውሬ ሥራ ስለሆነ ነው። አሁን ደግሞ ሐረር ያሉት ሐኪሞች የተጎዳው ዓይን ጤነኛውንም ይዞ ሊጠፋ እንደሚችል ነግረውናል፤ ቀኝ ዓይኗ መደብዘዝ ጀምሯል። የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ አላት፤ እስከዚያ ድረስ ጭንቅላቷን አንዳች ነገር እንዳይመታት አጥብቀው አስጠንቅቀውናል። ካራማራን አሻግሮ ሐረር የሚያደርሰን ግን ያው የእርስዎ መኪና ነው። ጭንቀቴ ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፤ ለፍየሎችዎ ስለሚያደርጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ።

መኪናውን የሠሩት ሰዎች ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ያለውን ቦታ ለሻንጣ ብለው ነው የተዉት፤ ወለሉም ላይ ከባድ ዕቃ የሚታሰርባቸው የብረት ቀለበቶች አበጅተዋል። ከባዱ ከታች ይሁን፣ ወንበሩን ይደገፍ፣ ይታሰር፣ ከወንበሩ ጫፍ በላይ ምንም አይከመር ማለታቸው ነው። ማኅበርዎ ግን ቀለበቶቹን ለላቀ ዓላማ አውሏቸዋል፤ ከሀርሺን ገበያ የተገዙልዎት ፍየሎች ታስረውባቸዋል። ያሰራቸውም ተራ ገመድ አልነበረም። ሾፌርዎ አብሽር ከየወንበራችን በካራ ቆርጦ ያወጣው የመንገደኛ ቀበቶ ነበር። አንዷን ነጭ ፍየል በደረቷ አሳልፎ፣ ከወገቧ አዙሮ፣ እንዳይከረክራትም ጣቱን አስገብቶ እየለካ ሲያስራት ተመልክቼ፣ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያለው ሾፌር አገኘን ብዬ ለእናትአለም ሹክ አልኳት። ቀበቶአችን የት እንደሄደ የገባኝ ግን ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የተቆረጠውን ጫፍ በእጄ ስዳስሰው ነው።

ከፍየሎቹ በላይ ደግሞ ጣውላ ተጋድሟል። ጣሪያ ላይ መጫን ነዳጅ ይበላል ብለው ስለከለከሉ፣ ጣሪያ ላይ የነበረው ሁሉ ወርዶ እዚያ ጣውላ ላይ ሰፍሯል፤ ክሪክ፣ የግመል ወተት የሞላ ጀሪካን፣ የሰው ሻንጣ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የበር ማጠፊያ ብረት። ጣውላው እኔና እናትአለም ከተቀመጥንበት ከመጨረሻው ወንበር ጫፍ እኩል ስለሆነ የተጫነው ሁሉ ልክ በማጅራታችን ትይዩ ነው። ገመድ አላየሁበትም። መረብም አላየሁበትም። ለፍየል ሲሆን የተገኘው ቀበቶ ለክሪክ ሲሆን መጥፋቱ፣ ማኅበሩ ለነፍስ ካለው ክብር የመነጨ ይመስለኛል፤ የእኛ ነፍስ በየትኛው ወገን እንደተመደበ ግን አልተነገረንም።

ሁለተኛ፤ ጉልበታችንን ለዕቃ ማስቀመጫነት ስለመረጡልን አመሰግናለሁ።

ይህ የመንገዳችን ወግ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ ኬላ ሲቃረብ ነጋዴው ቀረጥ እንዳይጠየቅበት ዕቃውን ለመንገደኛ ያድላል፣ መንገደኛውም «የራሴ ነው» ብሎ ታቅፎ ያልፋል፣ ካለፉ በኋላ ይመልሳል። እምቢ ማለት ነውር ነው። እኔም በዚህች ከተማ ስኖር የሰው ብርድ ልብስ፣ የሰው ቴፕ፣ አንድ ጊዜም የሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ ታቅፌ አልፌአለሁ። በዚያን ቀን ማርዎ የምትባል ነጋዴ የስጋ መፍጫ ይዛ ነበር፤ የሚጠመዘዝ እጀታ ያለው፣ ብረቱ ድፍን፣ አንዱን ለማንሣት ሁለት እጅ የሚፈልግ ዓይነት። ኬላው ሲታይ «አባዮ፣ እህቴ፣ ያዥልኝ» እያለች ከፊት ጀምራ አደለችን። ለሁላችን ደርሶ የተረፈው ጣውላው ላይ ተቀመጠ። የኬላው ፈታሽ ገብቶ ሁላችንም ብረት ታቅፈን ሲያየን ግራ ተጋብቶ «ሰፈራችሁ ሁሉ ስጋ መፍጫ ገዛ እንዴ?» ቢል፣ ከፊታችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ሳይለውጡ «ሠርግ አለብን» አሉት። ሳቅን። እናትአለምም ሳቀች፤ በሁለት ዓይኗ ስትስቅ ያየኋት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ጊዜ ነው።

ኬላውን እንዳለፍን ማርዎ አብሽርን ለመነችው፤ ለአፍታ አቁምልኝ፣ ሰብስቤ ካርቶኑ ውስጥ ልመልስና ከታች ልሰረው አለችው። ብረቱ እየከበዳቸው ጉልበታቸው የደነዘዘ መንገደኞችም አብረው ለመኑት። አላቆመም። እርስዎ የድሮውን ተራ ሽረው «ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጭናል» የሚል ሕግ ስላወጡ፣ ከኋላው የሚመጣው መኪና እንዳይቀድመው አቧራውን እያስነሣ ነዳ። ሾፌሮችዎን እንዲህ እርስ በርሳቸው እንደ ዕብድ ውሻ እንዲሳደዱ ያደረጉበትን የአመራር ጥበብ ሳላደንቅ ማለፍ አልችልም።

ሦስተኛ፤ ለፍሬንዎ አመሰግናለሁ፤ በደንብ ይይዛል።

ቀብሪበያህን አልፈን ነበር። አብሽር ዳሽቦርዱ ላይ ከደረደራቸው ነገሮች መካከል ቴርሞሱ ተንከባሎ እግሩ ሥር ወደቀ፤ እሱን ሊያነሣ ጎንበስ አለ፤ ቀና ሲል መንገዱ ላይ ግመሎች ነበሩ። ያለ የሌለ ኃይሉን ፍሬኑ ላይ ጣለ። መኪናው ቆመ፤ በውስጡ ያለው ብረት ግን አልቆመም።

ክቡርነትዎ ጋቢና ስለሚቀመጡ ይህን አይተውት አያውቁም ይሆናልና እንዴት እንደሆነ ልግለጽልዎ። በጉልበታችን የታቀፍነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከእጃችን ተነጥቆ ሄደ። ሠርግ አለብን ያሉት ሽማግሌ አፋቸውን በገዛ መፍጫቸው ተመትተው የፊት ጥርሳቸው ከነድዱ ተነቀለ፤ እጃቸውን ዘርግተው የራሳቸውን ጥርስ ሲቀበሉ አይቻለሁ። አንድ ሰው ጣቶቹ በሁለት ብረት መካከል ገብተው ሲደቅቁ ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ነው። ክሪኩ ከጣውላው ተነሥቶ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ የሦስተኛውን ወንበር ብረት አጎበጠው። የወተቱ ጀሪካን ፈንድቶ ሁላችንንም አለበሰን፤ ወለሉ ላይ ወተቱ ነጭ ሆኖ ብዙ አልቆየም።

እናትአለም በዚያች ቅጽበት ዞር ብላ ነበር። ለምን ዞረች ቢሉ፣ ያች በቀበቶ የታሰረችው ነጭ ፍየልዎ በጣውላው ሥር አንገቷን አስግጋ ነጠላዋን ታኝክባት ነበርና ልታስለቅቃት ነው። በጀርባዋ ልትቀበለው የነበረውን በፊቷ ተቀበለችው። ከጣውላው የተወረወረው መፍጫ በእጀታው በኩል መጥቶ ግራ ዓይኗን አገኘው። እጇን ወደ ፊቷ ሰድዳ የሆነ ነገር ከጉንጯ ላይ ልትጠርግ ሞከረች፤ የምትጠርገው ነገር ዓይኗ እንደነበረ እኔ እንጂ እሷ አላወቀችም። ይህን የምጽፈው ክቡርነትዎ ምሳዎን እየበሉ ከሆነ ስለ መቋረጡ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው።

አራተኛ፤ ለሾፌርዎ የኃላፊነት ስሜት አመሰግናለሁ።

አብሽር ከመኪናው የወረደው ከሁላችን ቀድሞ ነው። ሮጠ። እኛም ሊረዳን መስሎን በሩን ተመለከትን። እሱ ግን ዞሮ የኋላውን በር ከፈተና ፍየሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ እግራቸውን ጨመቀ፣ አፋቸውን ከፍቶ አየ፤ ከዚያም ትልቅ እፎይታ ተንፍሶ «ደህና ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ፍየሎቹ ቀበቶ አስረው ነበር።

አጠገባችን የነበረች ዒፍራህ የምትባል ወጣት፣ ሻሿን ከራሷ ፈትታ የእናትአለምን ፊት እያሰረች፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ ሾፌርዎን ተሳደበችው። «ዋርያ! አንተ ሰው ነህ? የሴትዮዋ ዓይን ወጥቷል፤ አንተ የፍየል ጥርስ ታያለህ?» አለችው። የቀረውን በሶማልኛ ስለጨመረችው በዚህ ደብዳቤ ላይ ማስፈር አልቻልኩም፤ ትርጉሙን ግን ፊቱ ላይ አንብቤዋለሁ።

እኔ ደግሞ መፍጫውን ይዤ ወረድኩ። ከእናትአለም ጭን ላይ እንዳነሣሁት አላስታውስም፤ እጄ ላይ ነበር። አብሽር በርከክ ብሎ የነጯን ፍየል ቀበቶ እያስተካከለ ስለነበር ማጅራቱ ፊት ለፊቴ ነበር። ብረቱን በሁለት እጄ አነሣሁት። ደሜ ከመፍላቱ የተነሣ ጆሮዬ አይሰማም ነበር፤ የራስ ቅሉ የት ላይ እንደሚሰነጠቅ እንኳ መርጬ ነበር። ያን ጊዜ ከመኪናው ውስጥ እናትአለም ስሜን ጠራች፤ «የት ሄድክ? ለምን ጨለመ?» አለች። ብረቱን አወረድኩና ተመለስኩ። ሾፌርዎ ዛሬ በሕይወት ኖሮ መሪ የሚጨብጠው በማኅበርዎ ሥልጠና ሳይሆን በእሷ ድምፅ መሆኑን እንዲያውቁት እወዳለሁ። እንደ ክርስቲያን ማለት የሚገባኝ ተመስገን ነው፤ እንደ ባል ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የቀረውንም ልንገርዎ። አብሽር ወደ ሆስፒታል አልነዳም። ጅግጅጋ እንደገባን በቀጥታ መናኸሪያ ሄዶ ተራ ያዘ፤ ቀድሞ ደርሷልና። እኛ ከዚያ በባጃጅ ሄድን፤ ማርዎ ከፊት፣ ዒፍራህ የእናትአለምን ራስ ደግፋ፣ እኔ ብረቱን ታቅፌ። ከእጄ ያስለቀቀኝ የድንገተኛ ክፍሉ ዘበኛ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ፍየሏ አመሰግናለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ተሸካሚ ያችኑ ነጭ ፍየል እየጎተተ በራችን ላይ አቆመና «ሊቀመንበሩ ሃል ልከውላችኋል» ብሎን ሄደ። ሃል በእናንተ ወግ ለተበደለ ሰው የሚቀርብ ካሣና ይቅርታ መሆኑን እኔም በዚህ ከተማ ስኖር አውቄዋለሁ፤ ወጉንም አከብራለሁ። እሑድ እሑድ የግመል ወተት ይዛ የምትጠይቀን ማርዎ ግን ፍየሏን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ፍየል ብቻውን ሃል አይሆንም አለች፤ ያጠፋው ሰው ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ቁጭ ይላል፣ በተበደለው ሰው ፊት «አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ከብቱ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ ራሷ አጎቶቿን ይዛ መጥታ ይህንኑ አድርጋለች፤ ዕቃዋን ዳግመኛ ለሰው ጉልበት እንደማታድልም ምላለች። እርስዎ ቃሉን አስቀርተው ፍየሏን ብቻ መላክዎ ምናልባት ቃሉ ስለከበደ መኪና ላይ አልጫን ብሎዎት ይሆናል።

ፍየሏ የመጣችው ደግሞ በዚያው ቀበቶ ታስራ ነው። መፍጫውንም ማርዎ መልሳ አልወስድም ስላለች እኛው ዘንድ አለ። እንግዲህ ክቡርነትዎ ስጋውንም፣ ማሰሪያውንም፣ መፍጫውንም አሟልተው ልከውልናል፤ እንዲህ የተሟላ ሊቀመንበር በሌላ ከተማ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ስድስተኛ፤ በመናኸሪያው ስላደረጉት ንግግር።

ሾፌሮችዎን ሰብስበው ስለ እኛ ጉዳይ ሲያብራሩ «ዓይን ያለው ሰው የሚመጣበትን ያያል» ብለው ሰውን እንዳሳቁ ሰምቻለሁ። እናትአለምም ሰምታለች። ቀኑን ሙሉ በልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ መርፌው ውስጥ ክር ልታስገባ ስትታገል ዋለች። ክሩን በምላሷ ታረጥባለች፣ ትሰካለች፣ ይስታል፤ በጣቷ ጫፍ ቀዳዳውን ትፈልጋለች፣ መርፌው ይወጋታል። ልርዳሽ ብላት ቆጣ ብላ መለሰችኝ። ይህች ሴት በሕይወቷ ሌላ ምንም ሥራ አታውቅም፤ ያለቻት አንዲት ዓይን ናት፤ እሷም ከሄደች መርፌውንም እኔንም አታየንም። እርስዎ የሳቁባት ዓይን እሷ ናት። እኔም ንግግርዎን የሰማሁ ዕለት ቀኝ እጄን ግድግዳ ላይ መትቼ ሰብሬአለሁ፤ ይህ ደብዳቤ በግራ እጄ የተጻፈ ስለሆነ የፊደሉን መጥመም በትዕግሥት እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎት ነገር ትንሽ ነው። ካሣ አልጠየቅሁም፤ ሌላ ፍየል ይጨመርልኝም አልልም። ከሐሙስ በፊት፣ አሁን አብሽር ወደ ሐረር በሚነዳት በዚያችው መኪና፣ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ የብረት መረብ ይሠራ። ጣውላው ይነሣ። ከባዱ ዕቃ ወለሉ ላይ በቀለበቶቹ ይታሰር፤ ክሪኩ በቦታው ይቆለፍ፤ ዳሽቦርዱ ባዶ ይሁን። የተቆረጡት ቀበቶዎች ወደየወንበራቸው ይመለሱ፤ ፍየሎችዎ ለጥቂት ጊዜ በገመድ መታሰርን ይታገሡ። ብረት የሚያጣብቅ ሰው ከመናኸሪያው በር ላይ አለ፤ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ይህን ካደረጉ ደብዳቤውን በገዛ እጄ ከግድግዳው ላይ ልጬ አነሣዋለሁ፤ እርስዎም ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው አንዲቱን ቃል ከተናገሩ፣ ነጯን ፍየል አርደን አብረን እንበላለን።

ለሰው ሕይወት ያለዎት ቸልተኝነት እንደ መኪናዎችዎ ፈጣን፣ ሆድዎም እንደ ሻንጣ ቦታዎችዎ ሰፊ ሆኖ በመኖሩ ዘወትር የሚደነቅ፣ በጫንቃው፣ በጉልበቱና በማጅራቱ ማኅበርዎን ያገለገለ፣ የዕቃዎ ማስቀመጫ፣ የፍየሎችዎ የጉዞ ባልደረባ፣

ልብስ ሰፊው ወርቅአገኘሁ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ሐሙስ በዚያችው መኪና ጋቢና ተቀምጠው ሐረር እንደሚሄዱ ተራ አስከባሪው ነግሮኛል፤ ስለዚህ ልክ ከእርስዎ ወንበር በስተጀርባ ያለውን ቦታ ለራሴ አስይዣለሁ። ፍየሏ የመጣችበትን ቀበቶ እናትአለም አጥባ፣ ጫፉን በዳሰሳ ሰፍታ፣ ከወንበሩ ብረት ጋር እንዲታሰር አድርጋ አዘጋጅታዋለች፤ እሱን እሷ ታስራለች። የስጋ መፍጫውንም ይዤ እመጣለሁ። መረቡ ተሠርቶ ካገኘሁ ከታች ወለሉ ላይ በገመድ አጥብቄ አስረዋለሁ። ካልተሠራ ግን ሌላ ቀበቶ ስለሌለኝ፣ እንደ መንገዳችን ወግ ጉልበቴ ላይ ታቅፌው እጓዛለሁ፤ የተሰበረው እጄ ገና አልጠናም፣ ያን ያህል ክብደት አጥብቆ መያዝ ይቸግረዋል። ካራማራ ጠመዝማዛው ላይ አብሽር ፍሬን ሲይዝ ከኋላዎ ምንም ድምፅ ቢሰሙ፣ ለዓይንዎ ስለምሳሳ፣ እባክዎን ዞር እንዳይሉ አደራ።